ኮምቦልቻ ላይ የሚታየው ሞዴል ቪው ደሴ ላይ ለምን ይጠፋል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የመጋዘን መረጃ ክፍል ውስጥ ነው። መኖሪያዬ ደሴ ስለሆነ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ሥራ ሲበዛም ላፕቶፑን ይዤ ገብቼ ቤቴ እቀጥላለሁ። መረጃን ወደ ሪፖርትና ግራፍ በሚቀይረው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ በፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ፣ ያዘጋጀሁት የጥሬ ዕቃ ገቢና ወጪ ሪፖርት 14 ሠንጠረዦች አሉት፤ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ሠንጠረዦቹንና የሚያያይዟቸውን መስመሮች በሥዕል በሚያሳየው ገጽ፣ በሞዴል ቪው ላይ፣ አንድ በአንድ ያያያዝኩት በእጄ ነው። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ግን ሊገባኝ ያልቻለ ነገር ገጥሞኛል። ፋይሉን ኮምቦልቻ ስከፍተው ሞዴል ቪው ሁሉንም ሠንጠረዦች ከነመስመሮቻቸው ያሳየኛል፤ ማታ ደሴ ስከፍተው ግን የማየው ባዶ ገጽ ብቻ ነው። የሪፖርቱ ግራፎች በሁለቱም ቦታ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣሉ። ላፕቶፑም ፋይሉም አንድ ናቸው። የሰኔ 30 መዝጊያ ቆጠራ ተቃርቧል፤ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና የምሠራበት ጊዜ የለኝም። የደረሰበት ሰው ካለ መላ ይንገረኝ።

ከዚህ በኋላ የመጡትን መልሶች በተራቸው የማሰፍረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ ምክር የወራት ሥራ ሊያጠፋብኝ ነበር፤ ነገ በዚያው ችግር የሚመጣ ሰው እዚያ መልስ ላይ ደርሶ እንዳይቆም እፈልጋለሁ።

1ኛውን መልስ የሰጠው ደሴ በአንድ ባንክ የሚሠራ ሰው ነው። አብሽር ብሎ ካጽናናኝ በኋላ እሱም አንድ ቀን ገጹ ባዶ ሆኖበት ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲከፍተው እንደተመለሰለት ነገረኝ። እኔ ግን አምስት ማታ ዘግቼ ከፍቻለሁ። 2ኛው መላሽ ደግሞ ልዩነቱ የኢንተርኔት መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ኮምቦልቻ የፋብሪካው መስመር አለ፣ ደሴ ቤቴ የለም፣ ስለዚህ ሞዴሉ ከሰርቨር መምጣት አቅቶት ነው አለ።

ይህንን ግምት 3ኛው መልስ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያሻማ ሁኔታ አረመው። መረጃው በኢምፖርት፣ ማለትም ወደ ፋይሉ ተቀድቶ፣ የገባ ከሆነ ተጨምቆ የሚቀመጠው በፋይሉ ውስጥ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም ከፓወር ቢአይ ጋር አብሮ እዚያው ላፕቶፕ ላይ የሚነሣው የአናሊሲስ ሰርቪስስ ሞተር ነው። ስለዚህ የሠንጠረዦቹን ሥዕል ለማየት መስመር አያስፈልግም። ግራፎቹ ደሴም ላይ ትክክለኛ ቁጥር ከሰጡ መረጃውም ግንኙነቱም በቦታው አለ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ይህ መልስ ችግሩን ባይፈታውም ልቤን ያረጋጋው የመጀመሪያው እሱ ነው።

4ኛውን መልስ ግን አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። የጻፈው ሰው በሙሉ መተማመን፣ ያሉትን ግንኙነቶች በሙሉ ሰርዤ ፕሮግራሙ ራሱ ፈልጎ እንዲያያይዛቸው እንዳደርግ፣ ያ ካልሠራም ፓወር ቢአይን አውጥቼ እንደገና እንድጭን መከረ። ያንኑ ማታ ሰዓቱ አራት ተኩል ሲሆን ምክሩን ልፈጽም ተቀመጥኩ። የግንኙነቶች ማስተዳደሪያውን መስኮት ስከፍት 17ቱም ግንኙነቶች በዝርዝር ተደርድረው አገኘኋቸው፦ ከየትኛው ሠንጠረዥ ወደ የትኛው፣ በየትኛው ዓምድ። የመጀመሪያውን መርጬ መሰረዣው ላይ ጠቋሚውን ካሳረፍኩ በኋላ እጄን መለስኩ፤ ያለውን ነገር የጠፋ ይመስል ለምን እሰርዛለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት 5ኛውን መልስ ሳነብ እጄን የመለስኩት በጊዜው መሆኑን ተረዳሁ። ጸሐፊዋ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ሪፖርት የምትሠራ ሴት ናት፤ ፕሮግራሙ ግንኙነትን ራሱ ሲፈልግ በዋናነት የሚመራው በዓምድ ስም መመሳሰል መሆኑን አስረዳች። በእኔ ዓይነት የመጋዘን ሞዴል ውስጥ የትእዛዝ ቀን እና ዕቃው የገባበት ቀን ሁለቱም ከአንድ የቀን ሠንጠረዥ ጋር ይያያዛሉ፤ ከሁለቱ ንቁ ሊሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው በተቆራረጠ መስመር ተኝቶ ቀመር ሲጠራው ብቻ ይሠራል። የትኛው ንቁ፣ የትኛው ተኚ እንደሚሆን የወሰነው ሪፖርቱን የሠራው ሰው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ሁሉም ተሰርዞ በራሱ ይያያዝ ቢባል ግራፎቹ ላይጠፉ ይችላሉ፤ ቁጥራቸው ግን በዝምታ ይሳሳታል። ቆጠራ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ከጠፋ ግራፍ ይልቅ የተሳሳተ ቁጥር ያሳዩ ግራፎች የከፉ ናቸው አለች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

6ኛው መልስ ከእስካሁኖቹ ሁሉ የሻከረ ነበር። ጸሐፊው ስሪቱን አልገለጽክ፣ የስክሪን ፎቶ አላያያዝክ፣ ሰው በጨለማ እንዲገምትልህ ትፈልጋለህ ብሎ ወቀሰኝ፤ ቀጥሎም ከተማ ፕሮግራም አያበላሽም፣ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል የሚለያየውን ዕቃ ቆጥረህ ጻፍ አለ። አነጋገሩ ቢጎረብጠኝም ጥያቄው ትክክል ነበር። በ7ኛው ቁጥር ላይ እኔው መለስኩ፦ ኮምቦልቻ ላፕቶፑን ከአንድ ትልቅ ሞኒተር ጋር አገናኘዋለሁ፣ የሞኒተሩ ስፋት 1920 በ1080 ነው፤ ደሴ ግን የምሠራው በላፕቶፑ በራሱ ስክሪን ሲሆን እሱ 1366 በ768 ነው። ፊደሉ ስለሚያንስብኝም የላፕቶፑን ስክሪን ማጉሊያ 150 በመቶ ላይ አድርጌዋለሁ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ነገሩ ከሞኒተር ጋር ይያያዛል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር።

8ኛው ቁጥር ላይ የ4ኛው መልስ ባለቤት ተመለሰ። በ5ኛዋ ጸሐፊ ንግግር ተቆጥቶ ነበርና ምክሩ ለብዙ ሰው እንደሠራ፣ በወሬ የሚያውቁ ሰዎች በሥራ የሚያውቁትን እንዳያርሙ ጻፈ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ወደ ጠብ ሊያመራ ሲል ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ አንድ ትልቅ ሰው በ9ኛው ቁጥር ገቡበት፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው።

የጋሼን መልስ ሰፋ አድርጌ የምተርከው የክሩ ምሰሶ እሱ ስለሆነ ነው። ሰዎች ሞዴል ቪው ጠፋ ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠሩ እንደሆነ አመለከቱ። አንዳንዱ ጠፋ የሚለው በግራ ጠርዝ፣ ከሪፖርቱና ከሠንጠረዡ ምልክት ጋር የሚደረደረው የሞዴል ምልክት ራሱ ሳይኖር ሲቀር ነው። ሌላው ምልክቱ ኖሮ ሲጫነው ገጹ ጨርሶ ሳይሳል ሲቀር ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ከታችም ከላይም ምንም ነገር የለም፣ ነጭ ብቻ ነው። ሦስተኛው ገጹ በደንብ ተሥሎ ሠንጠረዦቹ ግን ከዓይን ውጭ ሲቀመጡ ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ከመረጃው ጋር የተያያዘበትን መንገድ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ፕሮግራሙንና ኮምፒውተሩን፣ ለምሳሌ ፓወር ቢአይ ገጾቹን ለማሳየት የሚጠቀምበትን የማይክሮሶፍት ኤጅ ዌብቪው2 ወይም የስክሪን ካርዱን ድራይቨር ይመለከታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። የ4ኛው ምክር ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም እንደገና መጫን፣ ለሁለተኛው ዓይነት ችግር ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ሰውየው ለሌሎች ሠርቷል ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ ግንኙነቶችን መሰረዝ ግን ከሦስቱ ለአንዱም መድኃኒት አይሆንም ብለው ሁለቱን አስታረቁ። የ4ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

10ኛው መላሽ በመካከሉ የኤክሴልን ነገር አመጣ። እሱ የሚጠቀመው በኤክሴል ውስጥ ሠንጠረዦችን በሚያያይዘው መሣሪያ፣ በፓወር ፒቮት፣ ሲሆን አንድ ቀን ኤክሴል በድንገት ከተዘጋበት በኋላ የፓወር ፒቮት ትሩ ከላይ ጠፍቶ፣ አብሮም የሠንጠረዦቹን ሥዕል የሚያሳየው ዳያግራም ቪው ጠፍቶበት ነበር። መፍትሔው በኤክሴል አማራጮች ውስጥ ተጨማሪ መሣሪያዎች ወደሚለው ገብቶ፣ ከታች ኮም አድኢንስን መርጦ የፓወር ፒቮትን ሳጥን እንደገና ምልክት ማድረግ ነበር። ከእኔ ጉዳይ ጋር ባይገናኝም ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚገጥመው እዚህ መቆየቱ ጥሩ ነው።

11ኛው አመስጋኝ ብቻ ነበር። 12ኛው ግን በ7ኛው ቁጥር የሰጠሁትን የስክሪን መጠን ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት ለፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የስክሪን መጠን 1440 በ900 ወይም 1600 በ900 መሆኑን፣ ከዚያ ባነሱ ስክሪኖች ላይ አንዳንድ መጫኛዎች ከሚታየው ክልል ውጭ እንደሚወጡ፣ ማጉሊያው ከ100 በመቶ ሲበልጥም አንዳንድ መስኮቶች ላይታዩ እንደሚችሉ በራሱ በድርጅቱ መመሪያ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ አስታወሰ። የእኔ ላፕቶፕ በሁለቱም መስፈርት ያጥራል። 1366 በ768ን በ150 በመቶ ሲያጎሉት ለፕሮግራሙ የሚቀረው ስፋት 911 በ512 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ የቀኙ ዝርዝሮችና የላይኛው የትእዛዝ ረድፍ (ሪባን) ሲቀነሱ ለሥዕሉ የሚተርፈው የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት።

በ13ኛው ቁጥር ጋሼ እንደገና ጻፉ፤ ከግምት ወደ ፍተሻ እንሂድ በሚል መንፈስ። ደሴ ላይ፣ ሞኒተሩ በሌለበት፣ አዲስ ፋይል ከፍቼ ሁለት ትንንሽ ሠንጠረዦችን በእጄ ጽፌ እንዳስገባና ሞዴል ቪው ያሳያቸው እንደሆነ እንድመለከት ጠየቁኝ። ከታዩ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ያለው በእኔ ፋይል አቀማመጥ ነው፤ ካልታዩ ፋይሉን ትተን ወደ ኮምፒውተሩ እንሄዳለን አሉ። ማታ አንዱን ሠንጠረዥ ከረጢት፣ ሌላውን መደርደሪያ ብዬ ሦስት ሦስት ረድፍ ጻፍኩባቸው። ሞዴል ቪውን ስጫን ሁለቱም ከላይ በግራ በኩል ቁጭ ብለው ታዩ። ይህንኑ በ14ኛው ቁጥር አሳወቅሁ።

15ኛው መልስ ለእኔ አዲስ ትምህርት ነበር። የፓወር ቢአይ ፋይል በውስጡ የታሸገ ዚፕ መሆኑን፣ ቅጂውን ወስጄ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ብለውጠው በውስጡ ያሉትን ክፍሎች ማየት እንደምችል ጸሐፊው ነገረኝ፤ ዋናውን ፋይል እንዳልነካ፣ ቅጂውንም አርሜ መልሼ ላሽግ ብዬ እንዳልሞክር ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። ቅጂውን ስከፍት ዳታ ሞዴል የሚባለው ትልቁ ክፍል በቦታው አለ። ከእሱ አጠገብ ዳያግራም ሌይአውት የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ በኖትፓድ ስከፍተው የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስም፣ ከግራና ከላይ ያለው ርቀት፣ የገጹ ዙምና ስክሮሉ የቆመበት ቦታ በቁጥር ተጽፏል። የሁሉም ሠንጠረዦች ስም አለ። ከግራ ጠርዝ በጣም ቅርብ የሆነው ሠንጠረዥ የተቀመጠው በ1,180 ነጥብ ላይ ነው፣ ከላይም 640 ዝቅ ብሎ፤ ዙሙ 50 በመቶ ነው፤ ስክሮሉ ደግሞ ዜሮ ላይ ቆሟል። ትልቁ ሞኒተር ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን ያሳየኝ ነበር፤ ላፕቶፑ የሚያሳየኝ ግን ያንን ከግራ ከላይ ያለውን፣ ምንም ያልተቀመጠበትን ጥግ ነው። ባለፈው ሰኞ አዲስ ሠንጠረዥ ሳስገባ ቦታ ለማስፋት ሁሉንም በአንድ ላይ መርጬ ወደ ቀኝና ወደ ታች እንደገፋኋቸው ያኔ ትዝ አለኝ።

16ኛው መላሽ አጭርና ግልጽ ነበር። ከገጹ ታች በቀኝ በኩል፣ ከዙሙ መጎተቻ አጠገብ፣ ሁሉንም ሠንጠረዦች በስክሪኑ ልክ የሚሰበስብ ምልክት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ አቀማመጡን እንደ አዲስ የሚደረድር ሌላ ምልክት አለ። የመጀመሪያው ያደረግኸውን አቀማመጥ አይነካም፣ ሁለተኛው ግን በእጅህ ያስተካከልከውን ድርድር ይበትነዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ተጫን አለ። ችግሩ እኔ ያንን ምልክት ደሴ ላይ አይቼው አላውቅም፤ በ150 በመቶ ማጉሊያ የገጹ ታች ጠርዝ ከእይታ ይወጣ ነበር። በዊንዶውስ ማስተካከያ የዲስፕሌዩን ማጉሊያ ወደ 100 መለስኩና ፓወር ቢአይን እንደገና ከፈትኩ። የታችኛው ረድፍ ብቅ አለ። ምልክቱን ስጫን 14ቱም ሠንጠረዦች እንደ ተሰበሰበ መንጋ ወደ መካከል መጡ፤ 17ቱም መስመሮች፣ የተቆራረጠውም ጭምር፣ ነበሩ። ይህንን በ17ኛው ቁጥር ስጽፍ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት አልፎ ነበር።

ችግሩ ሲፈታ ክሩ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። 18ኛው ጠያቂ፣ የተቆራረጠው መስመር ስለ ቀን ሠንጠረዥ ከሆነ እግረ መንገዱን የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንዴት አድርጌ እንዳስገባሁ ጠየቀ፤ እሱ 13 ወር ለማስገባት ሞክሮ ስላልተሳካለት። በ19ኛው ቁጥር የመለሰችው ያችው የሒሳብ ክፍሏ ሴት ናት። የቀን ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ይኑረው፣ ዋናው የቀን ዓምድም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይሁን፣ ቀን ሳይዘለልና ሳይደገም፤ ከጎኑ የኢትዮጵያ ዓመት፣ የወር ስም፣ ከ1 እስከ 13 የወር ቁጥርና ቀን ይጨመር፤ የወሩ ስም በቁጥሩ ይደርደር፣ አለዚያ መስከረም በፊደል ተራ የትም ይገባል አለች። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ያም ጁላይ 8 ስለሆነ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ የሚደምረው ቀመር ላይ የዓመት መጨረሻውን ጁላይ 7 ብሎ መስጠት ሰኔ 30ን በትክክል ይዘጋል። ያለፈውን ወር የሚጠሩት ቀመሮች ግን የሚቆጥሩት የአውሮፓውያኑን ወር ስለሆነ ለእነሱ የራስን የወር ቁጥር መጠቀም ግድ ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትደመር ወይስ ለብቻዋ ትቁም የሚለውን የሒሳብ ክፍሉ ይወስን እንጂ ሪፖርት ሠሪው አይወስን ብላ አስጠነቀቀች። ይህ መልስ የራሱ ክር የሚገባው ነው።

20ኛው ላይ ያ የሻከረው የ6ኛው ቁጥር ሰው ተመልሶ ስለ ዘመን አቆጣጠር ሌላ ቦታ አውሩ፣ እዚህ የሞዴል ቪው ጉዳይ ገና አላለቀም አለ። እውነቱን ነው፤ አላለቀም ነበር። ማጉሊያው 100 ላይ ሲሆን ፊደሉ ለዓይኔ እንደገና አንሶብኛል። እሱ ራሱ መላ ሰጠኝ፦ ከገጹ ታች ያለውን የመደመር ምልክት ተጭኜ አዲስ አቀማመጥ እንድከፍት፣ በእሱ ላይ ማታ ማታ የምሠራባቸውን ጥቂት ሠንጠረዦች ብቻ ከቀኙ ዝርዝር ጎትቼ ከግራ ከላይ እንዳስቀምጣቸው፤ ሁሉም የሚታዩበት የመጀመሪያው አቀማመጥ ለትልቁ ሞኒተር ይቆይ። ከዚያም አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በዚህ አዲስ አቀማመጥ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ለማውጣት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ ሲያደርጉት ሁለት ተቀራራቢ ትእዛዞች ይመጣሉ፤ አንዱ ከሥዕሉ ብቻ ያወጣዋል፣ ሌላው ከሞዴሉ ጨርሶ ይሰርዘዋል። ሁለቱን ለይቶ ሳያነብ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ አለ። እኔም ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም አንባቢ ደግሜ እላለሁ። አቀማመጡን ከፍቼ ደሴ ብዬ ሰየምኩት፤ አምስት ሠንጠረዦች አሉበት፤ በ125 በመቶ ማጉሊያም በደንብ ይታያሉ።

21ኛው ስለ መብራት መቋረጥ ጠይቆ፣ ፓወር ቢአይ በራሱ በየ10 ደቂቃው የመልሶ ማግኛ ቅጂ እንደሚያስቀምጥ፣ የደቂቃውንም ቁጥር በአማራጮቹ ውስጥ መቀነስ እንደሚቻል ተነገረው። ይህንን የነገረው 22ኛው መላሽ ነው።

በ23ኛው ቁጥር ደሴ በአንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት የእሷ ጉዳይ ከእኔ እንደሚለይ ጻፈች። ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የላኩላትን ፋይል ስትከፍት በግራ ጠርዝ የሪፖርቱ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ የሠንጠረዡም የሞዴሉም የለም፤ ስክሪኗ ትልቅ ነው፤ የጫነችው ግን የቆየ ስሪት ነው። ጋሼ በ24ኛው ቁጥር ይህ ከሦስቱ የመጀመሪያው ዓይነት ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯት፦ ፋይሉ በቀጥታ ግንኙነት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሞዴል ጋር የተሳሰረ ከሆነ የሠንጠረዡ ምልክት አይኖርም፣ በቆዩ ስሪቶች የሞዴሉም አይኖርም፤ በአዲሶቹ ስሪቶች ሞዴሉ ቢታይም የሠንጠረዦቹን ግንኙነት መቀየር አይቻልም። ለማረጋገጥ በ15ኛው ቁጥር እንደተባለው ቅጂውን በዚፕ እንድትከፍተው ጠየቋት። በማግሥቱ በ25ኛው ቁጥር መለሰች፤ በውስጡ ዳታ ሞዴል የሚባል ክፍል የለም፣ በምትኩ ያለው ኮኔክሽንስ የሚባል ትንሽ ፋይል ነው። ሞዴሉ ከእሷ ዘንድ ኖሮ አያውቅም፤ ግንኙነት ማስተካከል ካስፈለጋት ዋናውን ፋይል ከአዲስ አበባ መጠየቅ አለባት፤ ደብዳቤውን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደምታስገባ ጽፋ ወጣች።